የደንበኛ መዝገብና የመግቢያው ቁልፍ

ለንግድ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሻጭና ገዥ መተዋወቃቸው ነው። ባለሱቅ ደንበኛውን በመልኩ ያውቀዋል፤ አስመጪ የውጭ አገሩን ነጋዴ በፊርማውና በማኅተሙ ይለየዋል፤ ባንክም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የባለ ሒሳቡን ማንነት ያረጋግጣል። ንግድ ወደ ድረ ገጽ በተሻገረ ጊዜ ግን መልክም ማኅተምም የማይታይ በመሆኑ፣ በእነርሱ ቦታ የይለፍ ቃል እንዲተካ ተደረገ። ይህ ምትክ ለገዥም ሆነ ለሻጭ የማይመች መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ገዥው በየሱቁ አዲስ ቃል እንዲያወጣ ስለሚጠየቅ፣ ወይ ይረሳዋል ወይም አንዱን ቃል በሁሉም ቦታ ይሠራበታል። የረሳው እንደ ሆነ የመረጠውን ዕቃ ሳይገዛ ትቶ ይሄዳል። አንዱን ቃል በሁሉም ቦታ የሠራበት እንደ ሆነ ደግሞ የአንዱ ሱቅ መዝገብ ሲሰረቅ የሌሎቹም ሱቆች በር አብሮ ይከፈታል። ሻጩም ቢሆን ከባድ አደራ ተሸክሟል። በአሜሪካ አገር ሮክዩ የተባለው ኩባንያ ከ32 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የይለፍ ቃሎችን ወደ ምስጢር ጽሕፈት ሳይለውጥ እንዲሁ መዝግቦ አስቀምጦ ስለ ነበረ፣ በ2009 መዝገቡ በተሰረቀ ጊዜ ሌባው ሁሉንም እንደ ግልጽ ደብዳቤ ለማንበብ ችሏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ከአዋጆች ቁጥር በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የቀረበው፣ አንድ መግቢያ ለብዙ ድረ ገጾች እንዲያገለግል ማድረግ ነው። የአሠራሩ መሠረት አስቸጋሪ አይደለም። ገዥው ማንነቱን ለአንድ ትልቅ ድርጅት አንድ ጊዜ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ሱቅ በሄደ ቁጥር ያ ድርጅት «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ ይመሰክርለታል፤ ሱቁም ምስክርነቱን ተቀብሎ በሩን ይከፍታል። ማይክሮሶፍት ይህን የመሰለ አገልግሎት ፓስፖርት በሚል ስም በ1999 ጀመረ። ስለ ጥበቃውና ስለ ምስጢር አያያዙ የሰጠው ቃል ከሥራው ጋር አይስማማም የሚል አቤቱታ ስለ ተነሣበት፣ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ2002 በስምምነት ጉዳዩን ጨረሰ። ፌስቡክ በ2008፣ አፕል በ2019 የየራሳቸውን አቀረቡ፤ ጉግልም ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ዛሬ በብዙ የንግድ ድረ ገጾች መግቢያ ላይ «በጉግል ይግቡ»፣ «በአፕል ይግቡ» የሚሉ ጽሑፎች ተደርድረው ይታያሉ።

ይህ አሠራር ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። የይለፍ ቃል መዝግቦ ከመጠበቅ አደራ ይገላገላል፤ ገዥውም በሩ ላይ ሳይጉላላ ይገባል። ይሁን እንጂ መስካሪው ድርጅት በየሱቁ በር ላይ እንደ ተቀመጠ ዘበኛ ሆኖ፣ ማን መቼ ወደ ማን ሱቅ እንደ ገባ ሊያውቅ ይችላል። ዘበኛው በጎን ማስታወቂያ የሚሸጥ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ደግሞ፣ የአንዱን ነጋዴ ደንበኛ ለተወዳዳሪው ለማሳየት የሚያስችል ዕውቀት በእጁ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ምስክርነቱ በገዥው በራሱ መሣሪያ፣ ይኸውም ድረ ገጽ በሚከፍትበት በብራውዘሩ በኩል እንዲያልፍ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ብራውዘር በገዥው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ የሚገኝ የገዥው ወኪል ነው፤ ስለዚህ በሱቁና በመስካሪው መካከል ቆሞ፣ ለእያንዳንዳቸው ሊያውቁት የሚገባቸውን ብቻ ሊነግራቸው ይችላል።

ይህን ሐሳብ በሥራ ለማዋል በግልጽ የሞከረው ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘር የሚያዘጋጀው ሞዚላ ነው። በጁላይ 2011 ብራውዘር አይዲ ብሎ ያስተዋወቀውን አሠራር በ2012 ፐርሶና የሚል ስም ሰጠው። በፐርሶና ሥርዓት ሰው የሚታወቀው በኢሜይል አድራሻው ነበር። የኢሜይሉ ድርጅት አድራሻው በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን በዲጂታል ፊርማ አረጋግጦ የምስክር ወረቀት ለብራውዘሩ ይሰጣል፤ ብራውዘሩም ገዥው ወደ አንድ ሱቅ በሚገባበት ጊዜ፣ ለዚያ ሱቅ ብቻ የሚያገለግል ማረጋገጫ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አያይዞ ያቀርባል። ሱቁ ፊርማውን መርምሮ ያስገባዋል። ወረቀቱን የሰጠው ድርጅት ግን ወረቀቱ በየትኛው ሱቅ እንደ ቀረበ አይነገረውም። መታወቂያ የሰጠ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ባለ መታወቂያው የት የት እንዳሳየው እንደማያውቅ ሁሉ፣ መስካሪውም መስክሮ ከጨረሰ በኋላ የገዥውን ዱካ አይከተልም ነበር።

ሐሳቡ የቀና ቢሆንም ሥራው አልጸናም። ፐርሶና በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ትልልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች የምስክር ወረቀቱን ራሳቸው መስጠት ነበረባቸው፤ እነርሱ ግን ጥቅም አላገኙበትምና አልተነሡም። ስለዚህ ሞዚላ ራሱ በእነርሱ ቦታ ሆኖ ለመመስከር ተገደደ፤ በ2013ም የያሁንና የጂሜይልን ተጠቃሚዎች የሚያገናኝ ድልድይ ሠራ። በዚህ ዓይነት ማንም ብቻውን በር ጠባቂ እንዳይሆን የታሰበው ሥርዓት በተግባር በአንድ ድርጅት ኮምፒዩተሮች ላይ ተደገፈ። ሌሎቹ ብራውዘሮችም በውስጣቸው ስላልያዙት፣ በየድረ ገጹ በሚጨመር የጃቫስክሪፕት ጽሑፍ እየታገዘ ይሠራ ነበር። ባለሱቆቹ ገዥው እስኪበዛ ጠበቁ፤ ገዥዎቹም የሚቀበላቸው ሱቅ እስኪበዛ ጠበቁ፤ ሁለቱም ሲተያዩ ጊዜው አለፈ። ሞዚላ በማርች 2014 ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረ፤ ኖቬምበር 30 ቀን 2016 ደግሞ አገልግሎቱ ጨርሶ ተዘጋ።

ነጋዴው ኅብረተሰብ ከዚህ ታሪክ ሊማር የሚገባው ከውድቀቱ ይልቅ ከአዘጋጉ ነው። ፐርሶና ሲዘጋ በእርሱ የሚጠቀሙ ድረ ገጾች ደንበኞቻቸውን አልጣሉም። በየመዝገባቸው የተጻፈው የደንበኛው የራሱ ኢሜይል እንጂ ሞዚላ ያወጣለት ቁጥር ስላልነበረ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መልእክት ልኮ በሌላ በር ማስገባት ይቻል ነበር። የመዝጊያው ማስታወቂያም አስቀድሞ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ስለ ወጣ ለዝግጅት ጊዜ ተገኝቷል። በር ጠባቂው ቢሄድም የደንበኛው ስም ከባለሱቁ ጋር ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራ የገባው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ድርጅቶች ሰውን ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ ለመከታተል የሚጠቀሙባቸውን፣ ኩኪ የተባሉትን ትንንሽ የመለያ ጽሑፎች፣ ብራውዘሮች መከልከል ጀመሩ፤ የአፕል ሳፋሪ በማርች 2020 የሌላ ወገን ኩኪዎችን በሙሉ ዘጋ። ለስለላ የሚያገለግሉት ኩኪዎች ግን በአንድ መግቢያ ሥራ ላይም ይረዱ ነበርና፣ እነርሱ ሲዘጉ መግቢያውም እንዳይሰናከል ሌላ መንገድ አስፈለገ። ጉግል በዚህ ምክንያት ፌድሲኤም የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅቶ በ2022 መጨረሻ በክሮም ውስጥ አስገባው። ጉግል ራሱ በክሮም የሌላ ወገን ኩኪዎችን ለማስቀረት በ2020 ያወጣውን ዕቅድ በ2024 ቢተወውም፣ ፌድሲኤም ግን ሥራውን ቀጥሏል፤ ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም በተባለው የድረ ገጽ ደንብ አውጪ ድርጅት ውስጥም የጋራ ደንብ እንዲሆን እየተሠራበት ነው።

በፌድሲኤም ገዥው ወደ ሱቁ ሲመጣ፣ ሱቁ መስካሪውን በቀጥታ ሳይጠራ ብራውዘሩን ይጠይቃል። ብራውዘሩም የሱቁን ስም ሳይጠቅስ ከመስካሪው ዘንድ የገዥውን አካውንቶች ዝርዝር ያመጣል፤ ከዚያም በራሱ መስኮት ለገዥው አሳይቶ «ከእነዚህ በየትኛው ትገባለህ?» ይለዋል። ገዥው መርጦ ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ ብቻ መስካሪው የሱቁን ማንነት ያውቃል፤ የመግቢያውንም ማስረጃ ይሰጣል። ገዥው ሳይፈቅድ ተመልሶ ከሄደ ጉብኝቱ በምስጢር እንዲቀር ታስቧል። የይለፍ ቃል አይጻፍም፤ ወደ ሌላ ገጽ ተወርውሮ መመለስም የለም።

ይህ ለገዥው እድገት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከፐርሶና ጋር ሲነጻጸር ሁለት ልዩነቶች መታወቅ ይገባቸዋል። አንደኛው፣ በፌድሲኤም መስካሪው ቢያንስ ከፈቃዱ በኋላ ሱቁን ያውቃል፤ በፐርሶና ግን ጨርሶ አያውቅም ነበር። ሁለተኛውና ለነጋዴው ይልቁንም ከባድ የሆነው፣ ብራውዘሩ የሚጠብቀው የገዥውን ምስጢር እንጂ የነጋዴውን መዝገብ አለመሆኑ ነው። ደንበኛው በምን ስም እንደሚመዘገብ የሚወስነው እንደ ቀድሞው መስካሪው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌስቡክ ከ2014 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለየ የደንበኛ ቁጥር ይሰጣል፤ በአንዱ ሱቅ የተሰጠው ቁጥር በሌላው ሱቅ ትርጉም የለውም። አፕልም ገዥው እንዲህ ያለውን የመረጠ እንደ ሆነ እውነተኛውን ኢሜይል ሸሽጎ በራሱ በኩል የሚያልፍ አድራሻ ለሱቁ ይሰጣል። እነዚህ ጥንቃቄዎች ለገዥው ጥሩ ጥበቃ ናቸው፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ ከእነዚህ ቁጥሮች በቀር ምንም ያልጻፈ ነጋዴ፣ ከመስካሪው ጋር የነበረው ውል በተቋረጠ ዕለት የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ የቁጥር ዝርዝር ታቅፎ ይቀራል። የዱቤ መዝገቡን በጎረቤቱ ሱቅ አስቀምጦ፣ ጎረቤቱ ሲዘጋ የማን ዕዳ በማን ላይ እንዳለ የጠፋበት ነጋዴ ከዚህ አይለይም።

መስካሪዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ አይሰናከሉም የሚል አስተያየት ይሰማል። የሆነው ግን ይህን አያሳይም። በሴፕቴምበር 2018 ፌስቡክ በደረሰበት የመግቢያ ማስረጃ ስርቆት 50 ሚሊዮን የሚሆኑ አካውንቶች ተነክተዋል ብሎ አስታወቀ፤ ኋላ ላይ ቁጥሩን ወደ 30 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ደግሞ አገልግሎቱ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጥ፣ በፌስቡክ በኩል ብቻ የሚገቡ ሰዎች ፌስቡክ ያልሆኑ ድረ ገጾችም ተዘጉባቸው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ለአዲስ አበባ ዘመዶቹ የበዓል በግ የሚያዝ ደንበኛ ያለው ነጋዴ፣ ይህን የመሰለ ስድስት ሰዓት በፋሲካ ዋዜማ ቢገጥመው የሚደርስበትን ኪሣራ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ዕቃው በመጋዘን አለ፤ ገዥውም ገንዘቡን ይዞ ቆሟል፤ የጠፋው የበሩ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉም በባለሱቁ እጅ አይደለም።

በአንጻሩ ኢሜይልን ብቻ መያዝም በቂ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በ2025 መጀመሪያ ትራፍል ሴኩሪቲ የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት ያሳየው ነገር ለነጋዴዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሥራቸውን ያቆሙ ኩባንያዎች የድረ ገጽ ስማቸው ክፍያው ሳይታደስ ሲቀር ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ የገዛውም ሰው በዚያ ስም የቀድሞ ሠራተኞችን ኢሜይል እንደ ገና ይከፍታል፤ ከዚያም በጉግል መግቢያ በኩል ኩባንያው ይሠራባቸው ወደ ነበሩት ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ሊገባ ይችላል። ይህ ሊሆን የቻለው አገልግሎቶቹ ሰውን በኢሜይል አድራሻው ብቻ ስለ ለዩት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ሁለቱንም ይመዘግባል፤ መስካሪው የሰጠውን የማይለወጥ ቁጥር ለመለያ፣ በደንበኛው የተረጋገጠውን ኢሜይል ወይም የስልክ ቁጥር ደግሞ ለመገናኛ።

በዚህ አሳብ ላይ ባለሱቆች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም ብዙ በር መክፈት ወጪ ያበዛል፣ ገዥውንም ያደናግራል የሚል ነው። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። አሥር ዓይነት መግቢያ በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ሱቁን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያደርገዋል። የሚያስፈልገው ግን አሥር አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። በብራውዘሩ በኩል የሚሠራው አንድ መግቢያ ይኑር፤ ከጎኑ ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር የሚገባበት መንገድ ይኑር፤ ከሁሉም በላይ አንድ ዕቃ ብቻ ለሚፈልግ መንገደኛ ገዥ ያለ ምዝገባ ከፍሎ የሚሄድበት በር ክፍት ይሁን። በመርካቶ አንድ ሜትር ጨርቅ ለሚገዛ ሰው ስምህን ንገረኝ የሚል ባለሱቅ የለም። በ2022 አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በጋራ የደገፉት ፓስኪ የተባለው መግቢያ፣ ቁልፉን በገዥው ስልክ ላይ የሚያስቀምጥና ሱቁ በራሱ ሊቀበለው የሚችል በመሆኑ ወደ ፊት ከእነዚህ በሮች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያም ነጋዴዎች በር ላይ የቆመ ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 በ2023 ከወጣ ወዲህ፣ ፋይዳ የተባለው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ማንነትን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለማረጋገጥ እንዲያገለግል ተደርጓል። የመንግሥት መታወቂያ ሕግ ለሚያዝዘው ጉዳይ ታላቅ ምስክር ነው፤ ለባንክና ለፈቃድ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ወይም አንድ ጥንድ ጫማ ከሚገዛ ደንበኛ የመታወቂያ ቁጥር ተቀብሎ መመዝገብ ነጋዴውን አይጠቅመውም፤ ሊያስጠይቀውም ይችላል። በ2024 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ በሚይዝ ሁሉ ላይ ግዴታ ያስከትላል። ስለዚህ የራስን መዝገብ መያዝ ማለት የተገኘውን ሁሉ ማከማቸት ማለት አይደለም፤ ዕቃውን ለማድረስና ደንበኛውን መልሶ ለማግኘት የሚበቃውን ያህል ብቻ መጻፍ ነው።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል አንድ ሌላ ነጥብ አለ። ድረ ገጽ በሚሠራበት ጊዜ ባለሱቁ ሁሉንም ነገር ለባለሙያው ይተውለታል። ባለሙያውም ለሥራው እንዲቀልለው የድረ ገጹን ስም በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ ከጉግል ወይም ከሌላ መስካሪ ጋር የሚደረገውንም ውል በራሱ ኢሜይል ይከፍታል። ሁለቱ በሰላም እስከ ሠሩ ድረስ ችግሩ አይታይም። በተለያዩ ቀን ግን የሱቁ ስም፣ የመግቢያው ውልና የደንበኞቹ ዝርዝር በሌላ ሰው እጅ ሆነው ይገኛሉ። የንግድ ፈቃዱን በጸሐፊው ስም የሚያወጣ ነጋዴ የለም፤ የድረ ገጹም ስምና ውሉ እንደ ንግድ ፈቃዱ ሁሉ በድርጅቱ ስም መሆን አለባቸው፤ የዓመቱም ክፍያ ቀኑ ሳያልፍ መታደስ አለበት።

ድረ ገጹን ለባለሙያ የሚያሠራ ሰው ሥራውን ከመረከቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ከብዙ ጣጣ ይድናል። መስካሪው ድርጅት ነገ አገልግሎቱን ቢያቆም ደንበኞቼን በምን አገኛቸዋለሁ? የደንበኞቹን ዝርዝር በፈለግሁ ጊዜ አውጥቼ በሌላ ቦታ ለማስቀመጥ እችላለሁን? ውሉና የድረ ገጹ ስም በማን ስም ተመዝግበዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ሥራው ገና አላለቀም።

በጠቅላላው ብራውዘሩ የገዥውን መግቢያ ማቅለሉና ምስጢሩን መጠበቁ መልካም ነው፤ ነጋዴው ሊሸሸው ሳይሆን ሊጠቀምበት ይገባል። የፐርሶና ታሪክ ያስተማረው፣ የቀና አሠራር እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊዘጋ እንደሚችል ነው፤ ዛሬ የሚሠራውም አሠራር ለዘላለም እንደሚኖር የሰጠው ዋስትና የለም። ለበሩ ዘበኛ መቅጠር ይቻላል፤ የደንበኛ መዝገብ ግን ለዘበኛ አይሰጥም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የደንበኞቹን ስምና አድራሻ ዛሬ በራሱ መዝገብ ያሰፈረ ነጋዴ፣ ነገ የትኛውም በር ቢዘጋ ሱቁን እንደ ገና ለመክፈት አይቸገርም።